ቅስም፣ ከነምሳሌው

ሰኞ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ። ከጅሬን የወረደ ዝናብ
ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ድምፄን ግማሹን ሲወስደው፣ ግማሹን ሲተውልኝ፣
ሰሌዳው ላይ «ቅስም» ብዬ ጻፍኩ፤ ጠመኔው እየተፈረፈረብኝ።
ትርጉም፦ ወኔ፣ ሞራል፣ የልብ ብርታት።
ምሳሌ፦ «ያን ቃል ሲሰማ ቅስሙ ተሰበረ።»
ጻፉ አልኩ። ሁሉም አቀረቀረ።

ሙዘይን አባ ዋሪ ብቻ ከመጨረሻው ዴስክ እጁን አነሣ።
«ቲቸር፣ ይሄ ቅስም የሚሉት ከሰው ገላ የቱ ጋ ነው?
ልብ ሲርድ ደረት አለ፤ ሐሞት ቢፈስ ጉበት ሥር ነው፤
ወገብ ሲቆረጥ አይቻለሁ፣ መርካቶ፣ ከአባቴ ጆንያ በታች፤
ቅስምን ግን ከመሰበሩ በፊት፣ ወላሂ፣ ያየው ሰው ማነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ መልስ የለኝምና።
እውነቱን ነው። «ቅስሜ ደህና
አደረ» የሚል ሰው እስከዛሬ አልገጠመኝም።
ቃሉ ራሱ «ሰበረ» ካልመጣለት ከቤት አይወጣም፤
ልክ እንደ ሠፈራችን መብራት
ስሙ የሚነሣው ሲጠፋ ነው።

«በእናንተ ቋንቋስ?» አልኩት፣ ለማምለጥ።
«ሃሚሌ ነው። እሱም አይታጠፍ፣ አይለመጥ፤
ይሰበራል። በሁለቱም ቋንቋ፣ ቲቸር፣ መጠገኛው አልተጻፈም።»
ተነሥቶ መጣ። በመዳፉ «ቅ»ን ከሰሌዳው ጠረገና፣
«ይኸው፣ ሲሰበር ስም ብቻ ይቀራል» አለና
ሳቀ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ወይ ብልሃቱ ከነከነኝ፣
ወይ ያልከፈልኩት የቤት ኪራይ፣ ወይ ዝናቡ አደነቆረኝ፤
«አንተ» አልኩት፣ «በዚህ ቀልድህ ከአባትህ ጆንያ አታልፍም።»
ልክ በዚያች ቅጽበት ዝናቡ አባራ።
ዝናብ እንዲህ ነው፤ ሲፈልጉት አይሸፍንም።

ከዚያ ሰኞ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ስም ስጠራ፣
«ሙዘይን አባ ዋሪ» እላለሁ።
መዝገቡ ላይ ስሙ አለ።
አቤት የለም።

ሚያዝያ ላይ አውራ ጣቴ ወለቀብኝና ከአዌቱ ድልድይ ማዶ
ወጌሻው አባ ቢያ ዘንድ ሄድኩ።
ጣቴን በቅቤ ሲያሸው፣ ሕመሙን ልረሳ ብዬ ይሁን እንጃ፣
ቅስምስ ይታሻል ወይ? አልኩት።
ቀና እንኳ አላለም።
«የታመመው በጣቱ ያሳየኝ፤ ያላሳየኝን አልነካም፤
ጤነኛ አጥንት አጣምሜ ከፈጣሪ አልጣላም።»

ቅዳሜ መርካቶ ገባሁ። ከጭነት መኪናው ኋላ አገኘሁት፤
ትከሻው ላይ ኩንታል በርበሬ፣ ዓይኑ ላብ ውስጥ።
ቁመት ጨምሯል። ወይም ጆንያው ነው ያስረዘመው።
«ሙዘይን፣ የቱ ጋ ነው?» አልኩት፣ ሌላ ሰላምታ ጠፍቶኝ።
ሁለት እጁ ጆንያው ላይ ነው፤
በአገጩ ጠቆመ፣ ወደ አፌ።
መንገድ ልቀቅ ማለቱ ይሁን፣ ሕመሙን ማሳየቱ፣
እስካሁን አልለየሁም።
ለቀቅሁ።
አለፈ።

ሰኞ ያንኑ ምሳሌ ለሌላ ክፍል መልሼ ጻፍኩ።
«ተሰበረ» የሚለው ግሥ ሰባሪውን ይደብቃል፤
ብርጭቆው ከመደርደሪያ በገዛ እግሩ ወርዶ
እንደ ፈረጠ ያስመስላል።
በመዳፌ «ተ»ን ጠረግሁ፤ ከቅስሙ ኋላ «ን» ጨመርኩ፦
«ያን ቃል ሲሰማ» የሚለውም አላስፈለገኝ፣ አጠፋሁት፤
የቀረው «ቅስሙን ሰበረ» ነው።

«ባለቤቱ ማነው?» አለች ረውዳ፣ ከፊት ዴስክ።
ሰዋስው ጠይቃ ነው፤ ሌላ አይደለም።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ።